የአናጢው ወፎች

አናጢው ዕድሜውን ሙሉ የሰጋቱራ ብናኝ ሲውጥ የኖረ ሰው ነውና ደረቱ ብርድ አይችልም። ሐኪሙ «ሞቅ ያለ አገር ሂድና ክረም» ቢለው፣ ጓዙን ጠቅልሎ ሴት ልጁ ቤት ገባ።

እጁን አጣጥፎ መቀመጥ የት ያውቅና! ከተጣለ አልጋ ጣውላ ነቅሎ የበረንዳው ብረት ላይ ገጠመ፤ ፍርፋሪ በተነበት። ይኸው የሰፈሩ ድንቢጥና እርግብ ሁሉ ደንበኛው ሆነ። ከሁሉ የወደደው ግን ፊት ለፊት ያለውን ደረቅ ዛፍ ሲቀጠቅጥ የሚውለውን ግንደ ቆርቁር ነው። «የሙያ ጓደኛዬ» ይለዋል። «መሮ የለው፣ መዶሻ የለው።»

ታዲያ ይህን ለማን ያውራ? ልጁ ሥራ ትውላለች። ሚስቱ እዚያው ብርዱ ውስጥ፣ ቤታቸው ቀርታለች። በረንዳው ላይ ሁለት ወንበር አለ፤ ባዶውን ማየት ስለማይሆንለት ጋዜጣ ያስቀምጥበታል። ጠዋት ጠዋት ይደውልላታል። የወፍ ወሬ ያብዛ እንጂ ነገሩ አንድ ነው፤ ነይ ማለቱ ነው።

«ግንደ ቆርቁሩ ዛሬ ሚስቱን ይዞ መጣ» አላት አንድ ቀን።

«የሰው ሚስት ከምታይ መድኃኒትህን ዋጥክ?»

«ዋጥኩ። ነይ እንጂ፣ አንቺ ሴት።»

«ዶሮዎቼን ለማን ጥዬ?»

ሁልጊዜ ዶሮ። «ናፍቀሽኛል» አለ። በትዳር ዘመናቸው ይህ ቃል ከአፉ ወጥቶ አያውቅም።



«ዶሮዎቹንማ ከሸጥኳቸው ቆየሁ» አለች። «እዚያ የሚከራይ ቤት እያየህ ነው አሉ። ልጅቱ ነገረችኝ።»

ተያዘ። ሁለት ክፍል ቤት አይቷል። እሷ ስትመጣ ቀስ ብሎ ሊያግባባት ነበር።

«እኔም ናፍቀኸኛል» አለች። «ያ የሚያናድደኝ ሳልህ እንኳ ናፈቀኝ፤ ቤቱ ጭር ብሏል። ግን እኔ ከመጣሁ ምን ቀረኝ ብለህ ትመለሳለህ? በእጅህ የሠራኸው ቤት የማንም መጫወቻ ሊሆን ነው? እኔ እዚህ ካለሁ ትመጣለህ።»

እውነቷን ነው፤ እሷ አጠገቡ ካለች ወደዚያ ቤት ዞሮም አያይ።

«እሺ» አለ በመጨረሻ። «ብርዱ ሲያልፍ እመጣለሁ።»

«ብርዱ ሳያልፍማ እንዳትመጣ» አለችው። ድምፅዋ ግን ዛሬውኑ ና ይል ነበር።