የመጥረጊያዋ ፋይሎች

ከኋላዬ «መጥረጊያ» እንደሚሉኝ አውቃለሁ። ፊት ለፊት ግን «ዶክተር» ነኝ።

አዳራሽ በሚያህል ኮምፒውተር የሚሠራ የምርምር ቡድን እመራለሁ። ሰው ሥራዬን ሲሰማ ፍጥነት ብቻ ይመስለዋል፤ በሴኮንድ ይህን ያህል ትሪሊዮን ስሌት ምናምን። ፍጥነቱ የማሽኑ ነው። የኔ ሥራ ከተመራማሪዎች ጋር በቦታ መጨቃጨቅ ነው። ፈጣኑ ማከማቻ የጋራ ነው፣ ጊዜያዊ ነው። እነሱ ግን እንደ ግል ጓዳቸው ያጭቁበታል።

ስለዚህ ከዘጠኝ ዓመት በፊት ሕግ አወጣሁ። ሠላሳ ቀን ያልተነካ ፋይል ሰኞ በስድስት ሰዓት ይጠረጋል። ከዚያ በፊት ባለው ሐሙስ ለባለቤቱ ማስጠንቀቂያ ይላካል። ማቆየት የፈለገ ወደ ቋሚው ማከማቻ ያዛውር። ፋይሉን ከፍቶ እየዘጋ፣ የሠራበት አስመስሎ ቀኑን የሚያድስ አጭበርባሪ ደግሞ ለአንድ ወር ማሽኑን አይነካም። ወዳጅ ዘመድ የለም!

ቤትም ያው ነኝ። ፍሪጅ የሚገባ ምግብ ሁሉ ቀን ይለጠፍበታል፤ ሁለት ቀን ያለፈው ይደፋል። አንዴ ባሌ የሾርባውን ወረቀት ልጦ አዲስ ቀን ሲለጥፍ እጅ ከፍንጅ ያዝኩት። «ምን ላድርግ፣ ዓይንሽ ቀን እንጂ ሾርባ አያይም» አለኝ። ሳምንት አኮረፍኩት።

ያን ሰኞ ጠዋት የማከማቻ ባለሙያዋ ወረቀት ይዛ መጣች። አንድ ሰው ለሰባት ወር በየእሑዱ የፋይሎችን ቀን የሚያድስ ፕሮግራም ሲያሠራ ኖሯል።

«ትናንት አግጄዋለሁ፤ ትክክለኛውንም ቀን መልሻለሁ» አለች። «ዛሬ ስድስት ሰዓት ላይ ይጠረጋሉ።»

የአጭበርባሪውን ማንነት ሳይ ደሜ ፈላ። ዝምተኛው! ምክትሌ፣ ከተማሪነቱ ጀምሮ በእጄ ያደገ ሰው። ያውም በማግስቱ የሦስት ዓመት የጎርፍ ትንበያ ውጤታችንን ለቦርዱ የማቀርብበት ቀን ነው። ውጤቱን ካላዩ ቡድኑ ይበተናል። አስጠራሁት።

«አንተ! ከሰው ሁሉ አንተ! ዓምና ፋይልህ ሲጠረግ ምን ብዬህ ነበር?»

«ሕግ ሕግ ነው፣ አሉኝ።»

«ከዚያስ?»

«እንደገና አሰላሁት። ሁለት ወር ፈጀብኝ።»

«ታዲያ አሁን የማንን ፋይል ነው የምትደብቀው?»

በአገጩ ወደ ወረቀቱ ጠቆመ። ባለሙያዋ ሁለተኛውን ገጽ ገልጣ ጠረጴዛዬ ላይ አስቀመጠችልኝ። ጎርፍ አንድ፣ ጎርፍ ሁለት፣ እያለ እስከ ጎርፍ ዘጠና ይወርዳል። ባለቤት፦ እኔ።

«ይሄማ ቋሚው ማከማቻ ውስጥ ነው። አዛውሬዋለሁ እኮ!»

«ሊያዛውሩት ነበር» አለ ዝምተኛው።

«ማስጠንቀቂያ አልደረሰኝም!»

«ከሰባት ወር በፊት፣ ሐሙስ ዕለት ደርሶዎታል» አለች ባለሙያዋ።

ደርሶኛል። ግን የራሴን ማስጠንቀቂያ ምን አነባለሁ ብዬ፣ ገና ድሮ ወደማልከፍተው ሳጥን እንዲገባ አድርጌዋለሁ።

ሰዓቱን አየሁ። ለአምስት ሩብ ጉዳይ። ማዛወሩ ከአንድ ሰዓት በላይ ይፈጃል። እስከ ስድስት ሰዓት ማዛወር ለማንም የተፈቀደ ነውና ኮምፒውተሬ ላይ ተደፋሁ። የይለፍ ቃሌን ሁለቴ ተሳሳትኩ። ከዚያ ሦስታችንም ቆመን ቁጥሩ ሲጨምር ማየት ሆነ ሥራችን።

«ለምን አልነገርከኝም?» አልኩት አርባ በመቶ ላይ።

«ነግሬዎት ነበር። ‹ሕጉን ላወጣሁት ለኔ ሕግ ታስታውሰኛለህ?› አሉኝ። ቋሚ ማከማቻዎ ደግሞ ያለ እርስዎ አይከፈትም።»

መናገሬን አላስታውስም። አነጋገሩ ግን የኔው ነው። ልጁ የራሱን ሥራ አስጠርጎ፣ የኔን በየሳምንቱ ሲጠብቅልኝ ከርሟል። እኔ ደግሞ ላባርረው ነበር የጠራሁት።

ለስድስት አራት ደቂቃ ሲቀረው አለቀ። ባለሙያዋ ትንፋሿን ለቀቀችና ወረቀቷን አነሳች። «ቅጣቱስ?»

«ሁለት አካውንት ለአንድ ወር ዝጊ። የሱን ስላጭበረበረ፣ የኔን ማስጠንቀቂያ ስላላነበብኩ።»

«አለማንበብ ሕጉ ውስጥ የለም እኮ።»

«ጨምሪው።»

ዝምተኛው ሳቀ። ጥርሱን ካየሁት ስንት ጊዜዬ!

በማግስቱ ቦርዱ ፊት ሥራውን እሱ እንዲያቀርብ አደረግሁ፤ ውጤቱ እንዴት እንደተረፈም ሳልደብቅ ተናገርኩ። ቡድኑ አልተበተነም።

አመሻሹ ላይ ቤት ገብቼ ፍሪጁን ከፈትኩ። ሾርባው ላይ የዛሬ ቀን ተለጥፏል፣ በባሌ እጅ ጽሑፍ።

«ይሄ መቼ ነው የተሠራው?»

«ዛሬ» አለ፣ ዓይኑን እንኳ ሳያርገበግብ።

«እውነቱን ንገረኝ።»

«ቅዳሜ። ስለምትወጂው ላንቺ ብዬ ነው ያስቀመጥኩት። በጊዜ መጥተሽ አትበይ ነገር!»

ዘጠኝ ዓመት ሙሉ ስጠርግ፣ ከኋላዬ የኔን እያነሱ የሚያስቀምጡልኝ ሰዎች እንዳሉ አላየሁም። አፈርኩ። ደስም አለኝ። ሾርባውን ራሴ አሙቄ ሁለት ማንኪያ አወጣሁ።

«ሕጉስ?» አለ ባሌ፣ እያየኝ።

«ለአንድ ወር ታግጃለሁ» አልኩት።