የጋሽ ጎሳዬ የባህር ጉዞ

ስለ ጋሽ ጎሳዬ ልንገራችሁ። ጅቡቲ ወደብ አጠገብ የምንሠራበት የትራንዚት ቢሮ አለቃ ነው። ወር ሙሉ «ባህር ምን እንደሆነ እኔ አሳያችኋለሁ!» ሲለን ከረመና፣ አራት ሆነን በሁለት ካያክ፣ ሁለት ሁለት ሰው በምትይዝ ጠባብ የመቅዘፊያ ጀልባ፣ ወጣን። ሶስት ቀን ደሴት ላይ እያደርን ልንቀዝፍ ነው። ጸሐፊያችን ሙንተሃማ ለዚሁ ብላ ቀዘፋ ስትለማመድ ነው የከረመችው፤ ሁለተኛውን ደሴት ሳትረግጥ መመለስ አትፈልግም።

ሰውየው ግን የሶስት ቀን ጫት በአንዴ ገዝቶ ካያኩ ላይ እንደ በርበሬ አስጥቶታል! የትናንት ጫት ጅቡቲ ውስጥ ማን ይቅማል? በማግስቱ ጠዋት የመጀመሪያው ደሴት ላይ ከድንኳኑ ወጥቶ ሲያየው ጠቁሯል። ፊቱም አብሮ ጠቆረ።

«ከቢሮ ደውለው ነበር፤ ጉምሩክ ላይ መኪና ተይዞብናል። ተነሱ፣ ሁላችንም እንመለሳለን።»

«ጋሼ፣ ስልክዎ ትናንት ውሃ ገብቶበት ሞቶ የለም እንዴ? በምን ደወሉልዎት?» አለችው ሙንተሃ።

«አንቺ! አለቃሽ ነኝ እኮ!»

«እሱ ቢሮ ስንገባ ነዋ!»

ከኔ ጋር ይቀዝፍ የነበረው አበባው የጋሽ ጎሳዬ የጫት ጓደኛ ነው፤ አንገቱን ደፍቶ አለቃው የገባበት ካያክ ውስጥ ከኋላው ተቀመጠ። ትናንት «ወገቤን!» እያለ ሙንተሃን ብቻዋን ሲያስቀዝፍ የዋለው አለቃችን፣ ዛሬ ትኩሱ ጫት ከተማ ሲገባ ለመድረስ እንደ ሞተር ተፈተለከ። መሪ ተብዬው!

እኔ ቆሜ ስስቅ ሙንተሃ የቀረውን ካያክ ወደ ሁለተኛው ደሴት አዙራ ወደ ውሃው ገፍታ ከፊት ተቀመጠች።

«ምን ታያለህ? ና ቅዘፍ እንጂ!»