ማንንም ያላስቸገረ

«አስላክ እኮ በዕድሜው አንድ ሰው እንኳ አስቸግሮ አያውቅም» አለች የጉንቮር ጎረቤት ሲግኔ፣ ይዛ የመጣችውን ኬክ የምታስቀምጥበት ቦታ በዓይኗ እየፈለገች።

ቦታ አልነበረም። ከጠዋት ጀምሮ አምስት ኬክ ገብቷል። ጉንቮር ቡና እየቀዳች ነበር፤ የሲግኔ ስኒ ገና ግማሽ ሳይደርስ ማንቆርቆሪያውን ጠረጴዛው ላይ በኃይል አስቀመጠችውና ቡናው ነጩን የጠረጴዛ ልብስ አበላሸው።

«ይህን ነገር ዛሬ ስሰማ አራተኛዬ ነው።»

«እውነት ስለሆነ ነዋ፣ ጉንቮር።»

«እውነት መሆኑ አይደል የሚያንገበግበኝ!»

ለቀስተኞቹ ሁሉ ፊታቸውን ወደ መስኮቱ አዞሩ። በዚህ መንደር አንድ ሰው ሲቆጣ የቀረው ስለ አየር ጠባይ ያወራል። አንዱ ዘንድሮ ተራራው ላይ በረዶው አልቀልጥ ማለቱን አነሳ፤ ሌላው በተራሮቹ መካከል በገባው ባሕር፣ በፊዮርዱ ላይ ነፋስ መጀመሩን ተናገረ። ዝም አይነቅዝም የሚባለው ተረት ለእነሱ የተተረተ ይመስላል። ሲግኔ ኬኳን ጉልበቷ ላይ እንደያዘች ግማሽ ሰዓት ተቀምጣ፣ «ምንም ነገር ካስፈለገሽ ደውይልኝ» ብላ ሄደች። ሁሉም እንዲሁ ብሎ ነው የሚሄደው። የሚደውል ግን ታይቶ አይታወቅም፤ ይህንንም ሁሉም ያውቃል።

አስላክ የሞተው ሰኞ ነው። የሰባ ሦስት ዓመት ሰው ነበር። ጠዋት ቁርሱን በልቶ «ለጀልባ ቤቱ ቀለም ልግዛ» ብሎ ወጣ። ቀለም የሚሸጠው እዚሁ፣ ማዶ ሳይሻገሩ፣ የሩብ ሰዓት መንገድ ላይ ነው። የተገኘው ግን መኪና አሻጋሪው ጀልባ ላይ፣ መሪውን እንደጨበጠ ነበር። የቀለም ቆርቆሮ የሚባል ነገር መኪናው ውስጥ አልነበረም። ፖሊሱ ለጉንቮር በፌስታል ያስረከባት ያልተከፈተ ፔርሙዝ፣ ቡናማ አይብ የተደረገበት ዳቦ፣ የግንበኛ ሜትርና አንድ ባለ ካሬ ደብተር ነው።

ደብተሩን ስትገልጥ የባሏን ድርቅ ያለ የእጅ ጽሑፍ አገኘች። «የሦስት ቀን ጉዞ፣ እኔና ጉንቮር፣ ሰኔ አጋማሽ» ይላል አናቱ ላይ። ከሥሩ ደግሞ፦

«ከጠዋቱ ሦስት ሰዓት ከሃያ፣ ጀልባ። ቀደም ብሎ መድረስ፤ ፊት የቆመ መኪና ፊዮርዱን በደንብ ያያል።

አንደኛው ዋሻ፦ በግራ በኩል አሮጌው መንገድ አለ። አጥሩ ደህና ነው። ስፋቱ ይለካ።

ሁለተኛው ዋሻ፦ አሮጌው መንገድ ገና በረዶ ይዞት ሊሆን ይችላል። ሄዶ ማየት።

ሦስተኛው፦ እንደ አንደኛው።

አራተኛው፦ ማለፊያ የለውም። አራት መቶ አሥራ ሁለት ሜትር። እሷ በጥንቱ የፈረስ መንገድ በእግሯ ትዙር፤ እኔ ወዲያኛው አፍ ላይ ቆሜ እጠብቃታለሁ።

ሁሉንም አይቼ እስካረጋግጥ ለጉንቮር አይነገራት። በከንቱ ትጨነቃለች።»

ጉንቮር ደብተሩን ግድግዳው ላይ ወረወረችው።

አስላክ ሠላሳ ዓመት ሙሉ ለመኪና መንገድ ተራራ በድማሚት ሲበሳ የኖረ የዋሻ ሠራተኛ ነው። ሚስቱ ደግሞ ዋሻ ትፈራለች። ሰው ሰምቶ ይስቃል፤ እነሱም በደህናው ጊዜ ይስቁ ነበር። እንደተጋቡ ሰሞን እሱና ጓደኞቹ የበሱትን ዋሻ ሊያሳያት፣ ደረቱን ነፍቶ፣ አዲስ ሸሚዝ ለብሶ ወሰዳት። እኩሌታው ላይ ሲደርሱ ጮኸች። አስላክ የኋላ ማርሽ አስገብቶ፣ አንገቱን ጠምዝዞ፣ ከስምንት መቶ ሜትር በላይ ወደ ኋላ ነድቶ አወጣት። ከዚያ ወዲያ ስለዚያ ቀን አንድም ጊዜ አላነሳባትም። እሷም ከመንደሩ የምትወጣው በጀልባ፣ ጀልባ እስከሚያደርሳት ብቻ ሆነ። የመንደሩ ሱቅ ውስጥ ሃያ ስድስት ዓመት ስትሸጥ፣ የጀርመን ቱሪስት ካርታውን እየዘረጋ ሲጠይቃት፣ በዓይኗ ያላየችውን ፏፏቴና ያልረገጠችውን የተራራ መንገድ «ቀኝ ታጠፉና ቀጥ በሉ» እያለች ስታሳይ ኖረች።

«ዓይኔን እጨፍን ነበር!» አለች ለባዶው ወጥ ቤት። «አራት መቶ አሥራ ሁለት ሜትር እኮ ነው! ብትጠይቀኝ ዓይኔን እጨፍንልህ ነበር፣ አንተ ድንጋይ!»

ረቡዕ ዕለት ኦድቫር መጣ። ጀልባው ላይ መኪኖቹን በእጁ ምልክት እየሰጠ የሚያሰልፈው እሱ ነው። ስልሳ ዓመት ሊሞላው ነው፤ አስላክን ከልጅነቱ ጀምሮ ያውቀዋል። እሱም ኬክ ይዞ በሩ ላይ ቆመ።

«ኬኩን ተወውና ግባ። ተቀመጥ። ምን እንደሆነ ንገረኝ።»

ኦድቫር ኮፍያውን አወለቀ። «ስንነሳ ፊቱ አመድ መስሎ አየሁት። ወደ መስኮቱ ጠጋ ብዬ ‹ደህና ነህ ወይ?› አልኩት። ‹ደህና ነኝ፣ ትንሽ ድካም ነው› አለኝ። ደግሜ ጠየቅሁት። ‹ሥራህን ሥራ፣ እኔ ምንም አልሆንኩም› አለ።»

«ሦስተኛ አልጠየቅኸውም?»

«ሁለቴ ከተጠየቀ በኋላ እኮ… ሦስተኛ መጠየቅ ሰውየውን መድፈር ይሆናል ብዬ ነው፣ ጉንቮር።»

«እሺ። ከዚያስ?»

«ማዶ ስንደርስ መኪናውን አላንቀሳቀሰም። እጁን በመስኮት አወጣና ከኋላው ላሉት ‹እለፉኝ› አላቸው። ዞረውት ሄዱ።»

«ክላክስ የነፋ የለም?»

«ማን ይነፋል? ሽማግሌ ሰው ነው…»

«ቀጥል!»

«ይዘነው ተመለስን። ጭንቅላቱን መስታወቱ ላይ ደገፍ አድርጓል። ደክሞት ነው፣ ይረፍ፣ ባልቀሰቅሰውስ ብዬ…» ኦድቫር ኮፍያውን በእጁ ጨመደደው። «እና እንደገና ሄድን።»

ጉንቮር ብድግ አለች። «ስንት ጊዜ?»

«ሦስት ጊዜ ተሻገርን።»

«ሦስት ጊዜ! የተረሳ ሻንጣ እንኳ ሦስት ጊዜ አይሻገርም! ሐኪሙ ምን እንዳለኝ ታውቃለህ? በመጀመሪያው ላይ ቢነገራቸው ኖሮ ይተርፍ ይሆን ነበር አለኝ። ይተርፍ ነበር! እናንተ ግን እንቅልፉን ጠበቃችሁለት!»

ኦድቫር አለቀሰ። ድምፅ ግን አላሰማም፤ እንባው ብቻ ፈሰሰ። ይህም አናደዳት።

«ውጣልኝ» አለችው። «ኬክህንም ይዘህ ውጣ፤ ስምንት አለኝ።»

ዓርብ ቄስ ቶሩን በቤተ ክርስቲያን የሚነበበውን የሟች ታሪክ ለመጻፍ መጣች። ወጣት ቄስ ናት፤ ለመንደሩ አዲስ። ከበርገን የመጣችው የጉንቮር ልጅ ኢንጉን አስቀድማ ጽፋ ጨርሳ ነበርና አነበበችላት። የተወለደበት፣ የሠራበት፣ ያጠመደው ዓሣ። መጨረሻው ላይ፦ «አስላክ በኖረበት ዘመን ሁሉ ማንንም ያላስቸገረ ሰው ነበር።»

«እሱን ሰርዢው» አለች ጉንቮር።

«እማዬ፣ ይሄ እኮ ትልቅ ምስጋና ነው።»

«ሰርዢው አልኩሽ። በዚህ ቃል አይቀበርም። የገደለው ይኸው ቃል ነው።»

«እንግዲያው ምን ይባል?» አለች ቄሷ፣ እስክሪብቶዋን እንደያዘች።

«ይሉኝታ ገደለው በይ።»

ኢንጉን ፊቷ ቀላ። «በሰው ፊት? እዚያ ሁሉ ሕዝብ ፊት አባዬን ልታዋርጂው ነው? ኦድቫርስ? እሱም እኮ እዚያ ይቀመጣል። እማዬ፣ እባክሽ አታሳፍሪን።»

ቄሷ ግን ዓረፍተ ነገሩን በአንድ መስመር ሰረዘችው። «ምን እንደሚተካው እርስዎ ሲያውቁ ይነግሩኛል» አለች፤ ቡናዋን እስከ አተላው ጠጥታም ሄደች።

ምን እንደሚተካው ጉንቮር ታውቃለች። ያልተናገረችው አሳፍሯት ነው።

ከአሥራ አንድ ዓመት በፊት፣ የገና ዋዜማ ዕለት፣ አስላክ ማዕድ ላይ እያሉ ደረቱን ይዞ ጎበጠ። ጉንቮር ደነገጠችና ስልክ ደወለች። ሐኪሙ የልጆቹን ማዕድ ትቶ፣ በበረዶ፣ በትንሽ ሞተር ጀልባ ፊዮርዱን ተሻግሮ መጣ። መረመረው፤ ምንም የለም። ጨው የበዛበት የበግ ጎድን አብዝቶ በልቶ ሆዱን ነፍቶት ነው። ሐኪሙ ሳቀ። አስላክም ሊስቅ ሞከረ። ጉንቮር ግን መሬት ተከፍታ ብትውጣት በወደደች። እዚያው ሐኪሙ ፊት፣ ጣቷን ቀስራ፣ «ሁለተኛ እንዲህ አድርገህ ሰው እንዳታስቸግር!» አለችው።

«እሺ» አላት አስላክ።

አስላክ ደግሞ እሺ ካለ እሺ ነው።

የቀብሩ ዕለት ቤተ ክርስቲያኑ ማዶ ስለሆነ አስከሬኑም ለቀስተኛውም በጀልባ ተሻገረ። ቄስ ቶሩን ያንን ቃል አላነበበችውም። መቃብሩ ላይ ሁሉም አበባውን ጣለ፤ «ስለ ሁሉም ነገር እናመሰግናለን» አለ። ጉንቮር አለፈልኝ ብላ ነበር። ከቀብር በኋላ ግን በአዳራሹ ሾርባው ተጠጥቶ ኬኩ ሲዞር፣ የጥንቱ የዋሻ አለቃ ቢርገር ብርጭቆውን በማንኪያ መታና ተነሣ።

«ከአስላክ ጋር ሠላሳ ዓመት ተራራ በስተናል» አለ። «ድንጋይ እግሩ ላይ ወድቆበት እንኳ የሥራ ሰዓት እስኪያልቅ አልነገረንም። እንዲህ ያለ ሰው ነበር። አንድም ቀን፣ ማንንም…»

«ቁጭ በል፣ ቢርገር» አለች ጉንቮር።

ሰባ ሰው ማንኪያውን አስቀመጠ። ኢንጉን ከጠረጴዛው ሥር የእናቷን ቀሚስ ጎተተች። ጉንቮር ግን ቆመች።

«እኔን አስቸግሮኛል። አርባ አራት ዓመት ሙሉ አስቸግሮኛል። ሲያንኮራፋ፣ በጭቃ ቦቱ ሲገባ፣ የቡናውን አተላ የዕቃ ማጠቢያው ውስጥ ሲደፋ። ከዚያም በላይ ቢያስቸግረኝ እወድ ነበር። ሊሞት ሲል ግን አላስቸገረኝም። ለምን እንደሆነ ልንገራችሁ። እኔ ነኝ ያልኩት። አንድ የገና ዋዜማ ሐኪሙን በከንቱ ስላስመጣሁ አፍሬ፣ ሁለተኛ ሰው እንዳታስቸግር አልኩት። እሺ አለኝ። ኦድቫር አይደለም የገደለው። ኦድቫርንም ከቤቴ አባርሬዋለሁ፤ ጥፋቱ ግን የእሱ ብቻ አልነበረም። እኔ አለሁበት፣ እናንተ አላችሁበት። ስለዚህ ይቺን ነገር ሁለተኛ በእሱ ላይ እንዳልሰማ። እንደ ምስጋና አትናገሯት።»

ተቀመጠች። ስለ አየር ጠባይ ያነሳ ሰው አልነበረም። ቢርገር ቆሞ ቀርቶ፣ ብርጭቆውን የት እንደሚያኖረው ጠፋው። ኢንጉን የእናቷን ቀሚስ ለቀቀችና እጇን ያዘችው።

አመሻሹ ላይ በአስላክ አሮጌ መኪና ተመለሱ። ኢንጉን ትነዳለች። ጀልባው ላይ ኦድቫር ብርቱካናማ የሥራ ጃኬቱን በጥቁር የሐዘን ልብሱ ላይ ደርቦ፣ ቀና ብሎ ሳያያቸው ፊት አሰለፋቸው። ከኋላቸው ለቀስተኛው ሁሉ መኪና ከመኪና ኋላ ተደረደረ። ተራሮቹ በሁለቱም በኩል አናታቸው ላይ በረዶ ይዘው ቀስ እያሉ አለፉ። ፊት የቆመ መኪና በእርግጥ በደንብ ያያል። ጉንቮር ሁሉንም አየችው፤ አንዱም ደስ አላላትም።

ጀልባው ጠረፉን ነካ። የብረት መሻገሪያው ወረደ። ኢንጉን ሞተሩን አስነሣች።

«አጥፊው» አለች ጉንቮር።

«እማዬ፣ ከኋላ ሰው አለ…»

«ይጠብቃ።» እጇን ዘርግታ ቁልፉን ራሷ አዞረችው።

ሞተሩ ጠፋ። ከኋላ ማንም ክላክስ አልነፋም። ኦድቫር በሁለት እጁ ኑ ኑ ሲል ቆይቶ፣ መኪናዋ አልነቃነቅ ስትለው እጁን አወረደ። እየሮጠ መጣና መስኮቱ ላይ ጎንበስ አለ። ፊቱ ነጭ ሆኖ ነበር።

«ጉንቮር? ደህና ነሽ?»

«ደህና አይደለሁም» አለችው።

ይህን ቃል በሕይወቷ ለማንም ብላው አታውቅም። እንደወጣ ድምፅ አውጥታ ማልቀስ ጀመረች፤ መስኮቱ ክፍት ነበርና ጀልባው ሙሉ ሰማት። ኦድቫር ቀና ብሎ ወደ ካፒቴኑ ቁም የሚል ምልክት ሰጠ። ሊሄድ ዞር ሲል ግን ጉንቮር በመስኮቱ በኩል የጃኬቱን እጅጌ ያዘች። አልለቀቀችውም። እሱም አልጎተተም፤ መኪኖቹ ተሰልፈው እንደቆሙ፣ እሱም እዚያው ቆመ።