ዲንቄ የሳቀችበት ቢስክሌት

አቶ ሐዲስ ክፉ ሰው አልነበሩም። ይህን ዲንቄም ታውቅ ነበር፤ ነገሩን ያከበደባትም ይኸው ነው። አይማቱም፣ አይሳደቡም፣ ሰክረው አይገቡም። ብቻ ሚስታቸው ከቅንጭብ አጥሩ ውጭ አንድ እርምጃ እንድትሄድ አይፈልጉም። የፊተኛዋ ሚስታቸው ለለቅሶ ብላ ወለንጪቲ ሄዳ በዚያው ቀርታባቸዋለች። ከዚያ ወዲህ በአዳማ ስልክ ቤት ቀኑን ሙሉ የሰውን ድምፅ ከአገር አገር ሲያሻግሩ ይውሉና፣ ወደ ቤት ሲመለሱ መጀመሪያ የሚጠይቁት ዘበኛውን ሰንበታን ነው።

"በሩ ተከፍቶ ነበር?"

"አልተከፈተም፣ ጌታዬ።"

ከዚያ በኋላ ፊታቸው ይፈታል፤ ለዲንቄም ከባቡር ጣቢያው የገዙላትን ብርቱካን ከኪሳቸው ያወጡላታል።

ዲንቄ የመጣችው ከቡልቡላ ነው፤ በበቅሎ አራት ቀን። አባቷ ጉተማ ልጁን ለሹም በመዳሩ ደስ ብሎት ተመልሷል። በመጀመሪያው ዓመት የወደደችውን ሁሉ ሳትደብቅ ትናገር ነበር። ከጎረቤት ሴቶች ጋር ውሃ መቅዳት ደስ ይለኛል አለች፤ በሳምንቱ ውሃው በአህያ እየተጫነ ግቢ ድረስ እንዲመጣ ተደረገ። ባቡር ሲገባ በመስኮት ማየት እወዳለሁ አለች፤ አቶ ሐዲስ "ንፋስ ያሳምምሻል" ብለው መስኮቱን በጭቃ አስደፈኑት። እንዲህ እንዲህ እያለች ዘዴውን ተማረች። በግቢው ጥግ፣ ቅንጭቡ በሳሳበት በኩል፣ ወደ ጣቢያው የሚሄደው መንገድ ይታያል። "ያ ጥግ ፀሐዩ አናት ይበሳል፤ ልብስ ለማስጣት ካልሆነ አልደርስበትም" አለች። ቀዳዳው ሁለት ዓመት ሙሉ ሳይደፈን ቆየ።

የወደደችውን በሆዷ መያዝ፣ ለማትወደው መሳቅ ለመደች። ልማዱም እንደ ልብስ ተጣብቆባት ቀረ።

በሦስተኛው ዓመት፣ በሺህ ዘጠኝ መቶ ሃያ ሦስት ዓ.ም. መሆኑ ነው፣ ሰውነቷ ይመነምን ጀመር። አቶ ሐዲስ በባቡር የሚያልፍ አንድ ፈረንጅ ሐኪም ለምነው ቤት አስገቡላት። ምላሷን አየ፣ ደረቷን አዳመጠ፣ ግቢውንም አሻግሮ አየና በአስተርጓሚው በኩል፣ "በሽታ የለባትም፤ ሰውነቷን ታንቀሳቅስ" ብሎ ሄደ።

አቶ ሐዲስ ሲያወጡ ሲያወርዱ ሰነበቱ። በቅሎ ትቀመጥ እንዳይሉ፣ በቅሎ ሩቅ ይወስዳል። በኋላ ግን ድሬዳዋ የባቡር ሥራ ሹማምንት ሚስቶች በቢስክሌት ሲንሸራሸሩ ማየታቸው ትዝ አላቸው። ግቢው ሰፊ ነው፤ ዙሪያውን ብትዞር ማንም አያያትም። ጣቢያው አጠገብ ሱቅ ያለውን ሽኩርን አስጠሩት። ሽኩርም በወሩ ከድሬዳዋ ሁለት የሴት ቢስክሌት አስመጣና፣ ለሦስት ቀን ይሞከሩ ብሎ ግቢው ውስጥ አቆማቸው። ድሬዳዋ አድጋ ቢስክሌት መንዳት የምታውቀውን እህቱን ዙህራንም ለማስተማር ላካት።

አንደኛው ጥቁር ነው፤ አዲስ፣ ረጅም፣ ብረቱ ፊት የሚያሳይ። ሁለተኛው አረንጓዴ ነው፤ ቀለሙ የደበዘዘ፣ ቁመቱ አጠር ያለ፣ ከኮርቻው ሥር ሁለት ወፋፍራም ሞላ ያለው። ሁለቱም ቀሚስ እንዳይዙ መካከላቸው ዝቅ ብሎ የተሠራ ነው።

በመጀመሪያው ቀን ዙህራ ከኋላ እየያዘቻት ዲንቄ መውደቅን ተማረች። በሁለተኛው ቀን መሄድን ተማረች። አቶ ሐዲስ ከስልክ ቤት ፈቃድ ወስደው በረንዳው ላይ ወንበር አስወጥተው ተቀምጠዋል።

ጥቁሩ ላይ ስትወጣ እግሯ መርገጫው ላይ የሚደርሰው በጣቷ ጫፍ ብቻ ነው። መርገጫው ወደ ታች በወረደ ቁጥር ዳሌዋ ወደ ግራ፣ ወደ ቀኝ ይንሸራተታል፤ ኮርቻው ደግሞ እንደ ድንጋይ የጠነከረ ቆዳ ነውና ጭኗን ይልጠዋል። መሪው ሩቅ ነው። እሱን ለመያዝ ስትንጠራራ የሰውነቷ ክብደት በሙሉ እጇ ላይ ይወድቃል፤ ግቢውን አምስቴ ሳትዞር ጣቶቿ ይደነዝዛሉ። መንገዱን ለማየት አንገቷን ቀና ስታደርግ ማጅራቷ ይያዛል።

አረንጓዴው ላይ ወጣች። መሪው ራሱ ወደ እሷ መጣላት፤ ክንዷ በክርኗ በኩል እጥፍ ብሎ ጀርባዋ ቀጥ አለ። እግሯ ሙሉ በሙሉ ረገጠ፣ ጉልበቷም ሳይወጠር ትንሽ እንደ ታጠፈ ቀረ። ድንጋይ ሲያጋጥማት ሞላው ይቀበልላታል። አንድ ጊዜ ዞረች፣ ሁለት ጊዜ ዞረች፣ ከዚያ በኋላ መቁጠሩን ረሳችው። አየሩ ነጠላዋን ወደ ኋላ ሲያነሣው ሰውነቷ እንዳለ ተሰማት፤ ለስንት ጊዜ ከረሳችው በኋላ ጉልበት እንዳላት ተሰማት። ደረቷ ውስጥ ሳቅ ተነሣ።

በዚያው ቅጽበት በረንዳው ላይ የተቀመጡትን አቶ ሐዲስን አየች። ጎንበስ ብለው በትኩረት ያዩዋታል።

ሳቋን ዋጠችው። ፍሬን ያዘችና ወረደች፣ እጇን ወገቧ ላይ አድርጋም አቃሰተች።

"ምነው?" አለች ዙህራ ተገርማ። "አሁን እንደ ወፍ ስትበሪ አልነበር?"

"ወገቤን ቆረጠኝ" አለች ዲንቄ፣ በረንዳው ድረስ እንዲሰማ ድምፅዋን ከፍ አድርጋ። ከዚያ ጥቁሩ ላይ ወጣችና ጭኗ እየተላጠ፣ ጣቷ እየደነዘዘ፣ በባሏ ፊት ባለፈች ቁጥር ጥርሷን እያሳየች ሳቀች።

በሦስተኛው ቀን ሽኩር መልስ ሊቀበል መጣ። አቶ ሐዲስም ሚስታቸውን ጠሯት።

"እስቲ ንገሪኝ፤ የትኛው ተመቸሽ?"

"ጥቁሩ ነው የሚሻለኝ" አለች። "አረንጓዴው አጥንቴን ሰባበረው።"

ዙህራ አፏን ከፍታ አየቻት። ሽኩርም፣ "ጌታው፣ ጥቁሩ እኮ ለረጅም ሴት ነው..." ብሎ ሲጀምር አቶ ሐዲስ እጃቸውን አንሥተው አስቆሙት።  ዲንቄ መሬት መሬት እያየች ጠበቀች። የወደደችውን እንደሚያርቁ ታውቃለች፤ ጥቁሩን ወደድሁ ስላለች አረንጓዴው ይሁን እስኪሉ ብቻ ነው የምትጠብቀው።

"እንግዲያው ጥቁሩ ይሁን" አሉ። ድምፃቸው ያልለመደችው ዓይነት ለስላሳ ነበር። "ሁለት ዓመት ሙሉ አንድ ነገር ወደድሁ ብለሽኝ አታውቂም። ትናንት ስትስቂ አየሁሽ። የሳቅሽበት ይሁንልሽ።"

ሽኩር አረንጓዴውን እየገፋ ወጣ። ሰንበታ ከኋላው በሩን ዘጋ። ዲንቄ "እግዜር ይስጥልኝ" አለች፤ ሌላ ምን ትበል?

ከዚያ ቀን ጀምሮ አቶ ሐዲስ ከሥራ ቀደም ብለው መግባት ጀመሩ። ወንበራቸውን ያስወጣሉ፣ እግራቸውን ያነባብራሉ፣ "በይ እስቲ" ይላሉ። እሷም ትወጣለች። ግቢውን ትዞራለች፤ በማድ ቤቱ በኩል፣ በጋጣው በኩል፣ በአጥሩ ሥር፣ በበረንዳው ፊት። በበረንዳው ፊት ስታልፍ ትስቃለች። እሳቸውም መልሰው ይስቃሉ፤ ያን ሰዓት የወጣትነት መልካቸው ይታያል። ዕረፍት ልውሰድ እንዳትል፣ ደስታቸውን ለማደፍረስ አልጨከነችም። ጭኗ ቆሰለ። ሰርክ ሰርክ ቅቤ እየቀባች በጨርቅ ትጠቀልለዋለች። ጥቁሩ ላይ ያሰራት የገዛ ሳቋ ነበር፤ በማን ላይ ትቆጣ?

አረንጓዴውን ሽኩር ለእህቱ ተወላት። አንድ ቀን ዲንቄ ልብስ ስታሰጣ በሳሳው አጥር በኩል ዙህራን አየቻት፤ ሻሿ እየተርገበገበ፣ ጀርባዋ ቀጥ ብሎ፣ ወደ ጣቢያው ስትበር። ዙህራ አላየቻትም። ዲንቄ እርጥቡን ልብስ እንደ ያዘች አቧራው እስኪከስም ቆመች።

በሁለተኛው ወር ላይ ወደቀች። እጇ ደንዝዞ ፍሬኑን መያዝ አቅቷት ከጋጣው ግንድ ጋር ተጋጨች፤ የግራ እጇ አንጓ ዞረ። አቶ ሐዲስ ከበረንዳው ዘለው መጥተው አነሷት። ወጌሻ አስመጡላት። ሽኩርንም ጠርተው፣ "የተበላሸ ዕቃ ነው የሸጥህልኝ!" ብለው ጮኹበት።

ሽኩር ቢስክሌቱን ገለባብጦ አየ። "ዕቃው ደኅና ነው፣ ጌታው። ዕቃው ለእሷ አይሆንም እንጂ። በመጀመሪያው ቀን ልነግርዎ ነበር። ይህን ይዛ ሁለት ወር መሄዷ ራሱ ይገርመኛል፤ ሰውነቷ አልቆ መሆን አለበት።"

"ወደድሁት ያለችው እኮ ራሷ ናት!"

ሽኩር ኮርቻውን እስከሚወርድበት ድረስ አወረደላቸውና ሄደ።

አቶ ሐዲስ ወደ ቤት ገቡ። ዲንቄ አልጋው ጠርዝ ላይ የታሰረ እጇን ታቅፋ ተቀምጣለች። ከፊቷ ቆሙ።

"ሽኩር ያለው እውነት ነው?"

መዋሸት ትችል ነበር። ያውም በደንብ ትችልበታለች። ነገር ግን አንጓዋ ይጠዘጥዛት ነበር፣ ደክሟትም ነበር።

"እውነት ነው። የወደድሁት አረንጓዴውን ነበር።"

"ታዲያ ለምን ዋሸሽኝ?"

"የወደድሁትን ሲያውቁ ይወስዱብኛል። ውሃ መቅዳቱን ወሰዱብኝ። መስኮቱን ወሰዱብኝ።"

"መስኮቱን? ንፋስ እንዳይመታሽ ብዬ አይደለም እንዴ!"

 አቶ ሐዲስ ሁለት ዓመት ሙሉ የሰሙትን "ጥሩ ነው"፣ "ደስ ይላል"፣ "ተመችቶኛል" አንድ በአንድ እያነሱ የሚጥሉ ይመስል ዓይናቸው ከግድግዳ ወደ ግድግዳ ሄደ። በመጨረሻ በቀጭን ድምፅ ጠየቁ።

"እኔስ? እኔንስ?"

"እርስዎን ከአጥሩ ለይቼ አይቼዎት አላውቅም" አለች። "ወድጄዎት እንደሆነ፣ ጠልቼዎት እንደሆነ እንዴት ልወቅ?"

ነጠላቸውን ትከሻቸው ላይ አስተካክለው ወጡ። በሩን ራሳቸው ሲከፍቱና ሲዘጉ ሰማች።

ለሦስት ሳምንት እምብዛም አላነጋገሯትም። እጇ ዳነ። አንድ ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ቢስክሌቱን ከጋጣ አስወጥተው፣ "ነይ፤ እስከ ጣቢያው እንሂድ" አሏት። ጆሮዋን ተጠራጠረች። ሰንበታ በሩን ወለል አድርጎ ከፈተና በኦሮምኛ "ሱታ፣ ሱታ" አላት፤ ቀስ በይ ማለቱ ነው።

ኮርቻው ቢወርድም መሪው ያው ሩቅ ነው። አቶ ሐዲስ ከጎኗ ሆነው ኮርቻውን ከኋላ ጨምድደው ያዙ፤ በእርምጃቸውም ይሄዱ ጀመር። ቢስክሌት ግን በሰው እርምጃ አይሄድም። ፈጠን ካላለ ይንገዳገዳል፤ በተንገዳገደ ቁጥር እሳቸው ይበልጥ አጥብቀው ይይዙታል፤ አጥብቀው በያዙት ቁጥር ይበልጥ ያዘነብላል። መንገደኛው ቆሞ ያያል።

"ትንሽ ፈጠን ልበል?" አለች።

"አይ፣ እንዲሁ ነው ጥሩው።"

"ይልቀቁኝ፤ አልወድቅም።"

"እንዲሁ ነው ጥሩው አልሁሽ።"

ከመንገዱ እኩሌታ ላይ ወረደች። ቢስክሌቱን እየገፋች ከጎናቸው በእግሯ ሄደች፣ በእግሯም ተመለሰች። በሩ ላይ ሲደርሱ አቶ ሐዲስ ላባቸውን እየጠረጉ፣ ደስ ብሏቸው፣ "ነገም እንወጣለን" አሉ።

"እርስዎ ይዘውኝ ከሆነ አልወጣም" አለች ዲንቄ። 

በማግስቱ አልወጣችም። በሣልስቱም አልወጣችም። ቢስክሌቱ ከግድግዳው ጋር ተደግፎ ቆመ። አቶ ሐዲስ ይገባሉ፣ ይበላሉ፣ እሷን ያያሉ፣ ቢስክሌቱን ያያሉ። በአምስተኛው ቀን በጊዜ መጡና ቢስክሌቱን ራሳቸው እየገፉ ደጅ አውጥተው ከመንገዱ ዳር አቆሙት። ከበሩ አጠገብ ካለው ድንጋይ ላይ ተቀመጡ። ሁለት እጃቸውን ነጠላቸው ውስጥ ከተቱ።

"እስከ ጣቢያው" አሉ፣ ሳያዩዋት።

"እስከ ጣቢያው" አለች።

ወጣች። መጀመሪያ ተንገዳገደች፣ ከዚያ ፈጠን ስትል ቀጥ አለላት። ከኋላዋ የያዘ እጅ የለም። ጣቶቿ እንደ ወትሮው ደነዘዙ፣ ማጅራቷም ተያዘ፤ ሆኖም ቅንጭቡ አልቆ ሜዳው ሲመጣ ዓይኗ እንባ ሞላ፤ ከአቧራው ይሁን ከሌላ አልታወቃትም። ጣቢያው ደጃፍ ደረሰች። አንድ እግሯን መሬት አስረገጠች። ሐዲዱ ከወዲያ ይታያል፤ ከሐዲዱ ማዶ የበቅሎ መንገዱ ወደ ዝዋይ፣ ወደ ቡልቡላ አገር ይነጉዳል። አራት ቀን ነው፤ ያውም በበቅሎ። ትንፋሿ እስኪመለስ ቆመች፣ መሪውን አዞረችና መጣች።

አቶ ሐዲስ ከድንጋዩ አልተነሱም። ፊታቸው አመድ መስሏል፣ እጃቸውም አሁን ድረስ ከነጠላው አልወጣም። ስትወርድ፣ "ቆየሽ" አሏት።

"እስከ ጣቢያው ነው" አለች።

ከዚያ በኋላ በየቅዳሜው ወጣች። በየቅዳሜው እሳቸው ድንጋዩ ላይ እጃቸውን ሸሽገው ይጠብቃሉ፤ በየቅዳሜው እሷ ከጣቢያው ደጃፍ ትመለሳለች። ደስ አለሽ ወይ ብለው መጠየቅ ትተዋል፤ እሷም በፊታቸው ስታልፍ መሳቅ ትታለች። ከሐዲዱ ማዶ ያለውን መንገድ በዚያ ዓመት አልረገጠችውም።