አልቅት የተባለችው

የቤተ ክርስቲያኑ ሽማግሌ ወንድም ጌቱ ያን ጠዋት ወንዝ ዳር ቆሞ ላብ በላብ ሆኖ ነበር፤ ያውም በጥቅምት ብርድ። ሌሎቹ ሽማግሌዎች «ግቢያችን ውስጥ ሮቶ ሞልተን እናጥምቅ» ሲሉ፣ «ወራጅ ውሃ ካልሆነ ምኑን ጥምቀት ሆነ!» ብሎ ሁሉንም ያስቸገረ እሱ ነው። ከሽሮ ሜዳ ሽቅብ፣ ወንዙ ጠርቶ የሚተኛበትን ጥግ መርጦ ምእመኑን በእግር አስወጣ። አሁን ተጠማቂዋ እትዬ ገበያነሽ አልገባም ብለዋል።

እግራቸውን ሊነክሩ ጎንበስ ሲሉ ድንጋዩ ላይ ቡናማ፣ ቀጭን ነገር ሲላወስ አይተው፣ ነጭ ቀሚሳቸውን ሰብስበው ወደ ኋላ ፈረጠጡ።

«አልቅት! አፍንጫዬ ከገባ ማን ሊያወጣልኝ ነው?»

«ኧረ እትዬ፣ በእምነት ይግቡ።»

«አንተ በእምነት ቅደማ!»

መዘምራኑ አፋቸውን በነጠላ ሸፈኑ። ጌቱን ግን አላሳቀውም። እትዬ ገበያነሽ ሁለት ጊዜ ታመው ጥምቀቱ አልፏቸዋል፤ ዛሬም እንዲሁ ከተመለሱ ዳግመኛ እሺ እንደማይሉ ያውቃል። ወንዙን የመረጠው ደግሞ ሌላ ሰው አይደለም።

ይህን ጊዜ ዊንጌት አካባቢ ባዮሎጂ የምታስተምረው ልጃቸው ኢየሩ ጫማዋን አውልቃ ገባችና አንዱን በመዳፏ አፍሳ አመጣች።

«እማዬ፣ እስቲ እዪው። አልቅት ስድስት እግር አለው እንዴ? የውሃ ተርብ ልጅ ነው፤ ልጆች ሄሊኮፕተር የሚሏት።»

«ይባስ ብሎ ተርብ!»

«ስሟ ነው እንጂ አትናደፍም። ይልቅ ያችን ሣር ተመልከቺ።»

ሣሩ ላይ አንዷ ከውሃው ወጥታ ተጣብቃለች። ጀርባዋ ተሰንጥቆ፣ ክንፏ የተጨማደደ፣ ገርጣ ያለች ነገር እየተጎተተች ትወጣለች። ጉባኤው መዝሙሩን ትቶ አጎነበሰ። ክንፎቿ ቀስ እያሉ ተዘረጉ። ከግማሽ ሰዓት በላይ ሲቆሙ «ረፈደ» ያለ አልነበረም። በመጨረሻ የክብሪት እንጨት የመሰለ ገላዋን ይዛ ብር አለች።

እትዬ ገበያነሽ ቀሚሳቸውን ለቀቁ። «ይቺማ ምን ታረገኛለች» ብለው ገቡ። ጌቱ ሐሳባቸውን ሳይቀይሩ ቶሎ ብሎ ከፓስተሩ ጋር ደግፎ አጠለቃቸው።

ብቅ ሲሉ ጥርሳቸው እየተንቀጫቀጨ፣ «ኢየሩ! ለማንኛውም አፍንጫዬን እዪልኝ!» አሉ።

አገጫቸውን ቀና አድርጋ አየች። «ምንም የለም፣ እማዬ።»

ከመዘምራኑም ከፓስተሩም ቀድሞ «ሃሌ ሉያ!» ያለው፣ እስከ ደረቱ ርሶ ውሃው ውስጥ የቆመው ጌቱ ነበር።