አንድ መስኮት ለአራት አመልካች

በፍርድ ቤቱ አጥር ሥር፣ ቀለሟ በለቀቀ ሰማያዊ ጃንጥላ ተከልሎ ማመልከቻ የሚጽፈውን ሰውዬ በስሙ የሚጠራው የለም። የሚጽፈውን ሁሉ «ጉዳዩ፦» ብሎ ስለሚጀምር ሰፈሩ «ጉዳዩ» ብሎ አወጣለትና አረፈው። እሱም አልተቀየመም። ሚስቱ ራሷ ስትቆጣ «ስማ ጉዳዩ!» ትለዋለች። ካልተቆጣች ደግሞ «አንተ» ትበቃዋለች።

ጉዳዩ ሲጽፍ ድንጋይ ያስለቅሳል ይባላል። ከሥራው የተባረረውን ዘበኛ፣ ጎረቤቱ አጥር የገፋበትን ጡረተኛ፣ ባሏ የካዳትን ሴት፣ ሁሉንም አንገቱን ዘንበል አድርጎ ያዳምጣል። ከዚያ እስክሪብቶውን ሁለቴ ያራግፍና ባለጉዳዩ ራሱ የማያውቀውን ሐዘን ጽፎ ይሰጠዋል። አንዱማ የገዛ ማመልከቻውን አንብቦ ሲጨርስ «ይሄን ያህል ተበድያለሁ እንዴ?» ብሎ እዚያው ድንጋይ ላይ ቁጭ አለ።

እንግዲህ ይህ ሰው ቤት ሊገዛ ተነሣ።

የሚኖረው ሊፍት በሌለው ሕንፃ አራተኛ ፎቅ ላይ ነው፤ ከልብስ ሰፊ ሚስቱና ከሚስቱ አባት ጋር። አባባ ዕድሜያቸውን ሙሉ የከተማ አውቶቡስ ሲነዱ የኖሩ ሰው ናቸው። ጡረታ በወጡ ማግስት ጉልበታቸው ከዳቸውና ደረጃውን መውረድ ተዉ። የክፍላቸው መስኮት የሚያሳየው የጎረቤትን ሕንፃ የፍሳሽ ቱቦ ብቻ ነው። አባባ ቀኑን ሙሉ ያንን ቱቦ ያያሉ። መጀመሪያ ያማርሩ ነበር። ቀጥሎ «ዛሬ ትራፊኩ ቀለል ብሏል» እያሉ በቱቦው መቀለድ ጀመሩ። አሁን ግን ዝም ብለዋል፤ ጉዳዩን እንቅልፍ የነሣውም ይሄ ዝምታቸው ነው።

ደላላው ያሳያቸው ቤት አንድም ደረጃ የለውም። ከመንገድ ወደ በር፣ ከበር ወደ ሳሎን ነው። ሳሎኑ ሰፊ መስኮት አለው፤ ከመስኮቱ ፊት ለፊት የአውቶቡስ ፌርማታ። ጉዳዩና ሚስቱ በገቡበት ሰዓት፣ ከሰዓት በኋላ፣ ብርሃኑ በመስኮቱ ገብቶ ወለሉ ላይ ተንጣሎ ነበር። ጉዳዩ ወጥ ቤቱንም መታጠቢያውንም በቅጡ አላየ። በሐሳቡ አባባን ከነወንበራቸው ተሸክሞ አመጣና እዚያ ብርሃን ላይ አስቀመጣቸው፤ ከዚያ በኋላ ሌላው ነገር ሁሉ ጠፋበት።

«ጣሪያው ያፈስ ይሆን?» ብትለው ሚስቱ፣

«ፌርማታ አለው» አላት።

የቤቱ ባለቤት ጡረታ የወጡ መምህርት ናቸው። ወደ እህታቸው ቤት ሊጠቃለሉ ነው። ዋጋቸውን አንዴ ተናገሩ፤ አራት ገዢዎች በዋጋው እሺ አሉ። ደላላው «በሉ እንግዲህ ያጨማምሩ!» ብሎ እጁን ቢያፋትግም መምህርቷ ፊት አልሰጡትም።

«የተናገርኩትን ዋጋ አላጥፍም። ለምን ቤቴን እንደፈለጉ ይጻፉልኝ። አንድ ገጽ፣ በራሳቸው እጅ ጽሑፍ፣ እስከ ዓርብ። ስርዝ ድልዝ አልቀበልም።»

«እና እኔ ኮሚሽኔን በድርሰት ልቀበል ነው?» አለ ደላላው። ቢሆንም ትእዛዙን ለአራቱም አደረሰ።

ማክሰኞ ጠዋት አንድ ፋርማሲስት ጃንጥላዋ ሥር ጎንበስ ብሎ ገባ። ጥሩ ጫማ የተጫማ፣ ሰዓቱን ቶሎ ቶሎ የሚያይ ሰው ነው።

«ቤት ልገዛ ነው። ሴትዮዋ ደብዳቤ ይጻፍልኝ አለች። አንተ ጻፈውና እኔ እገለብጠዋለሁ።»

ጉዳዩ የቤቱን አድራሻ ሲሰማ ልቡ ስንጥቅ አለ። «አይመቸኝም፣ ሌላ ጋ ይሂዱ» ማለት ይችል ነበር። ነገር ግን ባለጉዳይ መልሶ አያውቅም። ደግሞ እውነት እንነጋገር ከተባለ፣ «ድንጋይ ያስለቅሳል ብለውኝ ነው የመጣሁት» ሲባል ደረቱ ትንሽ ነፋ ብሏል።

«ቤቱን ለምን ፈለጉት?»

«ለኢንቨስትመንት።»

«ይሄ አይጻፍም። እናት አለዎት?»

«አለች።»

«ጉልበታቸውን ያማቸዋል?»

«ጥርሷን ነው የሚያማት።»

ጉዳዩ እስክሪብቶውን ሁለቴ አራገፈና «ጉልበታቸውን ያማቸዋል» ብሎ ጻፈ። ከዚያ እጁ በራሱ ጊዜ ሄደ። የፋርማሲስቱን እናት መስኮቱ ሥር አስቀመጣቸው፤ የከሰዓቷን ፀሐይ ጉልበታቸው ላይ አለበሳቸው፤ አላፊ አግዳሚውን አሳያቸው። ፋርማሲስቱ ሲያነበው ሰዓቱን ማየት ረሳ። «ማታ ሄጄ ልያት መሰለኝ» አለና ከፍሎ ወጣ።

ረቡዕ የስፖርት አሠልጣኝ መጣ፤ ክንዱ የጉዳዩን ወገብ ያክላል። ሰፊ ሳሎን የፈለገው ብረቶቹን ለመደርደር ነው። ጉዳዩ «ይሄ አይጻፍም» አለና፣ ከድካም በኋላ በመስኮቱ በምትገባው የከሰዓት ፀሐይ ቁጭ ብሎ መጽሐፍ የሚያነብ ለስላሳ ሰው አደረገው። አሠልጣኙ «መጽሐፍ የቱን?» ብሎ ጠየቀ፤ ነገሩ አሳስቦት። ከሰዓት በኋላ ደግሞ አዲስ ሙሽራ መጣች። ለእሷ ገና ያልተወለደ ልጅ ወለደላትና በመስኮቱ ፀሐይ አሞቀላት። ሙሽራዋ እዚያው እንባዋ ዱብ ዱብ አለ።

«ልጅ እኮ ገና አላሰብንም» አለች። «አሁን ግን አሰብኩ።»

ጉዳዩ በሦስቱም ደብዳቤ ኮራ። ሦስት ሰው፣ ሦስት ዓይነት ሕይወት፣ አንዱ ከአንዱ የማይገናኝ! እንዲህ ነበር የመሰለው።

ማታ ሚስቱ ሰማችና የስፌት መኪናዋን ቀጥ አደረገች።

«ስማ ጉዳዩ! የራሳችንን ቤት ለሦስት ሰው ጽፈህ ሰጠህ?»

«ሥራ ነው እኮ።»

«በል የኛንም ጻፍ! እናየዋለን!»

ሸክላ ሠሪ በገል ትበላለች እንዲሉ፣ ያ ድንጋይ የሚያስለቅስ እስክሪብቶ ለባለቤቱ ሲሆን ደረቀ። አባባ እዚያው አጠገቡ ተቀምጠው ቱቦውን እያዩ ነበር። የማያውቃቸውን የሰው እናት ጉልበት እንደ ልቡ አሳምሞ ነበር። የአባባን ጉልበት ግን፣ እሳቸው አጠገቡ እየተነፈሱ፣ ለሰው ዓይን ማስጣት አሳፈረው። ብዙ ወረቀት ቀደደ። በመጨረሻ የወጣለት ይሄ ነው፦

«ጉዳዩ፦ ቤት እንዲሸጥልን ስለመጠየቅ። ከላይ በርዕሱ እንደተገለጸው፣ እኔ አመልካች በፍርድ ቤቱ አጥር ሥር ማመልከቻ በመጻፍ የምተዳደር ስሆን፣ የተጠቀሰው ቤት ለቤተሰቤ አመቺ ሆኖ ስላገኘሁት፣ አስፈላጊው ትብብር እንዲደረግልኝ በትሕትና አመለክታለሁ።»

ሚስቱ አነበበችው።

«ይሄ ቤት ነው የሚጠይቀው የውሃ ቆጣሪ?»

ጉዳዩ ዓርብ ዕለት ደብዳቤውን ወስዶ በመምህርቷ በር ሥር አስገባ፤ እንደ ሌባም ሮጠ።

ሰኞ ጠዋት መምህርቷ ራሳቸው መጡ። ቀጭን፣ ቀጥ ያሉ፣ መነጽራቸውን በክር አንገታቸው ላይ ያንጠለጠሉ ሴት ናቸው። የባለጉዳዩ ወንበር ላይ ተቀመጡና አራት ወረቀት ጠረጴዛው ላይ ዘረጉ። አራቱም በቀይ እስክሪብቶ ታርመዋል። ፋርማሲስቱ ከአሥር ዘጠኝ አግኝቷል። ጉዳዩ የራሱን አየ፤ ሁለት። ከሥሩ «ስሜት የለውም» ተብሎበታል።

«አንተ ነህ አይደል የጻፍካቸው?» አሉ።

«እጅ ጽሑፉ እኮ የሦስቱም ለየቅል…»

«እጅ ጽሑፉ ለየቅል ነው፤ ስሕተቱ አንድ ነው።»

ጉዳዩን ስሕተት የሚለው ቃል አመመው። «የምን ስሕተት?»

«የከሰዓት ፀሐይ በመስኮቴ ትገባለች ይላሉ፤ ሦስቱም! ፀሐይ በመስኮቴ ገብታ አታውቅም። ጠዋት ፊት ለፊት ያለው ባንክ ይጋርዳታል፤ ከሰዓት ደግሞ በቤቴ ጀርባ ነው የምትዞረው። ያ ያየኸው ብርሃን የባንኩ መስታወት የሚመልሰው ነጸብራቅ ነው።» መነጽራቸውን አንሥተው አደረጉ። «ትክክለኛ መልስ ከሁሉም ሊገኝ ይችላል። ሦስት ልጅ አንድ ዓይነት ስሕተት ከሠራ ግን መሐላቸው የተቀመጠ አንድ ልጅ አለ። የት እንደምትቀመጥ ደግሞ ራስህ ጽፈህልኛል፤ አጥር ሥር።»

ጉዳዩ ላቡን ጠረገ። ስንቱን በፍርድ ቤት ያስረታ ሰው በአንድ መስኮት ተረታ።

«እና መስኮቱን የሚፈልገው ማን ነው?» አሉ መምህርቷ።

«የፋርማሲስቱ እናት ጉልበታቸውን…»

«ደውዬላቸዋለሁ። ጉልበታቸው ከኔ ይሻላል።»

ነገርን ከሥሩ ውሃን ከጥሩ የሚሉ ሴት ናቸው፤ ማምለጫ የለም። ጉዳዩ እስክሪብቶውን አነሣ፤ መልሶ አስቀመጠው።

«የሚስቴ አባት ናቸው» አለ።  

«ታዲያ ለምን አልጻፍከውም?»

«እውነት ስለሆነ… እጄ እምቢ አለኝ።»

መምህርቷ ወረቀታቸውን ሰበሰቡና «ነገ ከሰዓት ይዘሃቸው ና» አሉት።

በማግስቱ ጉዳዩና ጎረቤቱ አናጺ አባባን ከነወንበራቸው ተሸክመው አራት ፎቅ ወረዱ። አባባ «ቀስ! ኩርባ ነው! ፍሬን ያዝ!» እያሉ ሲያዝዙ ሕንፃው ሁሉ ወጥቶ አየ። ሚስቱ ከኋላ ብርድ ልብስ ይዛ፣ እየሳቀችም እያለቀሰችም ተከተለች። ጉዳዩ ወገቡ ሊበጠስ ደርሶ ነበር፤ የአባባን ጩኸት ከሰማ ብዙ ጊዜው ስለሆነ ግን ደስ አለው።

መምህርቷ ቤት ሲደርሱ አባባን መስኮቱ ሥር አስቀመጧቸው። ብርሃን የለም። ሳሎኑ ደብዘዝ ብሏል። መምህርቷ ጉዳዩን «አየህ?» በሚል ዓይን አዩት። አባባ ግን ወለሉን አላዩም፤ አውቶቡስ መጥቶ ፌርማታው ላይ ቆሟል።

«ኧረ ማርሹን ገደለው!» አሉ። «ኧረ በሩን ዝጋ አንተ! እንዲህ ነው ሰው የሚጫነው?»

ቀጥሎ የመጣውንም ሰደቡት፤ ሦስተኛውን አመሰገኑት። መምህርቷ አፋቸውን በእጃቸው ሸፈኑ፤ ትከሻቸው ግን በሳቅ ይንቀጠቀጥ ነበር። ይሄኔ ማዶ የባንኩ መስታወት በራ። ብርሃኑ መንገዱን ተሻገረ፣ መስኮቱን አለፈ፣ ወለሉ ላይ ተንጣለለ፣ ቀስ እያለም የአባባ ጉልበት ላይ ወጣ። አባባ ስድባቸውን አቋረጡ። መዳፋቸውን ጉልበታቸው ላይ አሳረፉና ዓይናቸውን ጨፈኑ።

መምህርቷን የማስተማር አመላቸው አልለቀቃቸውም። «ይሄ እኮ ፀሐይ አይደለም አባት» አሉ። «ነጸብራቅ ነው። ከመስታወቱ ተመልሶ የመጣ ነው።»

አባባ ዓይናቸውን አልገለጡም።

«መምህርት፣ እኔ ተሳፋሪዬን ከየት ተሳፈርክ ብዬ ጠይቄ አላውቅም። እዚህ ከደረሰ ደረሰ።»

መምህርቷ ለዓመታት በዚያ ሰዓት፣ ብርሃኑ ዓይናቸውን ሲወጋቸው፣ መጋረጃ ሲዘጉ ነው የኖሩት። አሁን መጋረጃውን በእጃቸው ይዘው ቆዩ፤ ከዚያ እስከ ጥግ ድረስ ገፉት።

«በዚህ ሳምንት እንፈራረም» አሉ ለአባባ ልጅ፤ ለጉዳዩ ሚስት። ወደ ጉዳዩም ዞሩ። «አንተ ደግሞ ለሦስቱ የእምቢታ ደብዳቤ ትጽፍልኛለህ። አንዲት ፀሐይ እንዳታስገባ!»

ደላላው ኮሚሽኑን ከተቀበለ በኋላም ነገሩ አልገባውም። «ታዲያ ደብዳቤ ይሠራል ነው የምትሉኝ አይሠራም?» እያለ ሰፈሩን ሁሉ ጠየቀ።

ሐሙስ ዕለት ፋርማሲስቱ ወረቀት እያወዛወዘ ጃንጥላዋ ሥር ገባ።

«እምቢ አለችኝ! ደግሞ ደብዳቤዋ ልብ ይነካል፤ ሁለቴ ነው ያነበብኩት። ይግባኝ እላለሁ! ጻፍልኝ።»

ሒሳቡንም አስቀድሞ ጠረጴዛው ላይ አኖረ። ጉዳዩ ንጹሕ ወረቀት አወጣ፤ እስክሪብቶውን ሁለቴ አራገፈ። «ይግባኝ ባይ፦» ብሎ የፋርማሲስቱን ስም ጻፈ። ዝቅ ብሎ «መልስ ሰጪ፦» አለና ቆመ።

«ጻፍ እንጂ!» አለ ፋርማሲስቱ። «ቤቱን የወሰደብኝ ማን እንደሆነ ግን አላውቅም። ምን ጽፎ እንዳሸነፈኝ ባየሁ!»

«በጣም መጥፎ ደብዳቤ ነው» አለ ጉዳዩ።

ከዚያም «መልስ ሰጪ» ከሚለው አጠገብ ስሙን ከነአባቱ፣ በጥሩ እጅ ጽሑፍ፣ ረጋ ብሎ ጻፈ። ፋርማሲስቱ ጎንበስ ብሎ አነበበው፤ ግንባሩን ቋጠረ።

«ይሄ ደግሞ ማን ነው?»

ጉዳዩ ሒሳቡን ወደ ፋርማሲስቱ መልሶ ገፋ አደረገለት።

«እኔ ነኝ» አለ።