ጭቃ የሌለበት አገር

ስርጉት ከሞጣ ቢቸና የምትመላለሰው ስለ ሎሚ ነበር። ሎሚው ደግሞ የእሷ አይደለም፤ ታናሽ እህቷ ማርያማዊት ሀንጋሪ ውስጥ፣ ከምትማርበት ዩኒቨርሲቲ አጠገብ ካለች ሱቅ የገዛችው አንድ ሎሚ ነው። ማርያማዊት ሎሚውን ሻይዋ ላይ ጨምቃ፣ ልጣጩን መስኮቷ ላይ አስቀምጣ፣ ክፍሏ እንዴት ጥሩ ጥሩ እንደሸተተ በድምፅዋ ቀድታ ትልካለች። ስርጉት ያን ድምፅ በስልኳ ይዛ በየሁለት ሳምንቱ ቅዳሜ፣ በግንደወይንና በደብረ ወርቅ በኩል፣ አቧራውን ስትውጥ ቆይታ ቢቸና ትደርሳለች። ረዳቱ ለሦስት ሰው በማይበቃው ወንበር ላይ አራተኛውን ሲጠቀጥቅ በሆዷ "ይህ ሁሉ ስለ ሎሚ" ትላለች።

ነገሩ እንዲህ የሆነው ዳታ ከጠፋ ወዲህ ነው። የእናታቸው የወይዘሮ ይርጋነሽ ስልክ ባለ ቁልፍ ነው፤ በሁለት በሦስት ወር አንዴ ከውጭ በቀጥታ ሲደወልላቸው ደግሞ ጊዜው "ሄሎ፣ ይሰማሻል?" በመባባል ያልቃል። ሞጣ ውስጥ ግን አንድ ሆቴል ዋይፋይ አለው። አለው ማለት አንዳንድ ቀን አለው። ስርጉት ፊዚክስ ከምታስተምርበት ትምህርት ቤት ወጥታ ሻይ ታዝዛለች፤ የይለፍ ቃሉ ተቀይሯል ይሏታል፤ አስተናጋጁ ሥራ አስኪያጁን ፈልጎ እስኪመጣ ሻዩ ይቀዘቅዛል፤ ሌላ ሻይ ታዝዛለች። ያቺ የአንድ ደቂቃ ተኩል ድምፅ የምትወርደው ከዚህ ሁሉ በኋላ ነው።

ወይዘሮ ይርጋነሽ ድምፁን የሚሰሙት ነጠላቸውን አስተካክለው፣ ራዲዮኑን አጥፍተው፣ ወንጌል ሲነበብ እንደሚቆመው ቆመው ነው። አንድ ጊዜ ለራሳቸው ይሰማሉ፤ ሁለተኛ ጎረቤታቸውን ወይዘሮ ወለተ ኢየሱስን ጠርተው ያሰማሉ፤ ሦስተኛ "እስቲ ያቺን ስለ ሎሚው ያለችውን ብቻ" ይላሉ። ማርያማዊት ስለ ትምህርቷ ብዙም አትናገርም። የምትናገረው ከቀኑ አሥር ሰዓት ላይ ፀሐይ ወደ ክፍሏ ስለምትገባ ወንበሯን ይዛ ፀሐይዋን እንደምትከተል ነው። ወይም የከተማው ባቡር ነጂ ስትሮጥ አይቷት በሩን ከፍቶ እንደጠበቃት። ወይም ምድር ቤት ያለው የልብስ ማጠቢያ ክፍል ስለሚሞቅ እዚያ ቁጭ ብላ እንደምታጠና። አንድ ጊዜማ "እማዬ፣ ጭቃ ካየሁ ሁለት ዓመት ሊሆነኝ ነው፤ እዚህ አገር ጭቃ የለም፤ ጫማዬ እንደገዛሁት አለ" ብላ ላከች። ይህቺን እናቷ ለሰፈሩ ሁሉ አዳረሷት። የቢቸና ሰው የምትማረውን ትምህርት ስም በቅጡ አይጠራውም እንጂ የማርያማዊት ጫማ ንጹሕ እንደሆነ ያውቃል።

ይህ ሁሉ ስርጉትን ያበሽቃታል። እውነቱን እንነጋገር ከተባለ ግን የሚያበሽቃት ሎሚው አልነበረም። ከስድስት ዓመት በፊት እሷም እንዲህ ያለውን የነጻ ትምህርት ፎርም ሞልታ አልፋ ነበር። አባቷ መምህር ሀብተ ሥላሴ ታመው የወደቁት በዚያው ሰሞን ነው። አንድ ሰው መቅረት ነበረበት፤ ታላቂቱ ቀረች። አባት ካረፉም በኋላ እናትን በደም ግፊት ሐኪም ቤት የምታመላልስ፣ ጣሪያ የምታስጠግን፣ እህል የምታስፈጭ እሷው ሆነች። በዚህ ሁሉ ጊዜ ውስጥ "ሞጣስ እንዴት ነው?" ብሎ የጠየቃት ሰው የለም። እናቷ በር ላይ ሲያዩዋት ግራ ቀኝ ስመዋት ወዲያው ዓይናቸው ወደ ቦርሳዋ ይሄዳል፤ ስልኩ ያለው እዚያ ነዋ። የቅርብ ጠበል ልጥ ይነከርበታል።

ግንቦት መጨረሻ ላይ ሚኒባሱ ግንደወይን ሲደርስ ተበላሸ። ተሳፋሪው እስከ ዘጠኝ ሰዓት መንገድ ዳር ቆሞ ዝናብ ሲደበድበው ዋለ። ስርጉት ቤት ስትገባ ከፀጉሯ ውኃ ይንጠባጠባል። እናቷ ፎጣ አቀበሏትና "ስልኩስ አልረጠበም?" አሏት። የዚያን ቀን መልእክት ስለ ዳክዬ ነበር። ማርያማዊት ወንዝ ዳር አንድ አግዳሚ ወንበር አግኝታ ዳክዬዎች ሲዋኙ ስታይ አርፍዳለች። ስርጉት ልብሷ ገላዋ ላይ እንደ ረጠበ ዳክዬውን ሦስት ጊዜ ሰማች፤ ወይዘሮ ወለተ ኢየሱስ ዘግይተው ስለመጡ አራተኛም ሰማች።

ሰኞ ከሥራ ወጥታ ሞጣ ሆቴሉ ውስጥ ቁጭ አለችና ለእህቷ ጻፈች፦ "ሎሚሽንና ዳክዬሽን የምጭን አጋሰስ አይደለሁም። ትምህርትሽ ምን ላይ ደረሰ? መቼ ነው የምትጨርሺው? የሚረባ ነገር ካለሽ ላኪ፤ ከሌለሽ ዝም በይ።" ላከችው። እስከዚያ ቀን ድረስ ትመልስላት የነበረው "ደርሶናል" የምትል አንዲት ቃል ብቻ ነበር፤ የእናቷን ድምፅ ቀድታ መላክ እንኳ ሥራ መስሎ ታይቷት አንድ ቀን አልሞከረችውም ነበር። ትንሽ ቆይቶ የመልእክቱ ምልክት ሰማያዊ ሆነ፤ ማርያማዊት አንብባዋለች ማለት ነው። ካፍ ከወጣ አፋፍ።

ማርያማዊትም እንደተባለችው ዝም አለች። ስርጉት በየቀኑ እየሄደች ሻይ ጠጣች፤ ምንም የለም። "ይቅርታ" ብላ ጻፈች፤ መልሳ አጠፋችው፤ ይቅርታ መጠየቁ ራሱ አናደዳት። በቅሎ ገመዷን በጠሰች ቢሉ በራሷ አሳጠረች ነው፤ ቅዳሜ ሲደርስ ባዶ ስልክ ይዛ የምትሄደው እሷው ናት።

ወይዘሮ ይርጋነሽ ነጠላቸውን አጣፍተው ቆመው ጠበቋት። ስርጉት ድምፁ ተበላሽቶ አልከፈት ብሏል አለች። የእናቷ እጅ ወደ ደረታቸው ሄደ፤ ፊታቸው አመድ መሰለ። ሐኪሙ "አታስደንግጧቸው" ያለው ትዝ አላትና ከመበላሸቱ በፊት ሰምቼዋለሁ፣ ልንገርሽ ብላ ጀመረች። ምን እንደምትል ግን አላሰበችም። አፏ ላይ የመጣላት ዳቦ ነው። እዚያ ያለው ዳቦ ሻጭ፣ ጠርዙ ያረረውን እንደምትወድ ስላወቀ፣ ለብቻው ጠቅልሎ ያስቀምጥላታል አለች። ውሸት አልነበረም፤ ዳቦ ሻጩ ሞጣ ነው እንጂ። እናቷ "ያረረ ዳቦ" ብለው ደገሙትና ተቀመጡ። ወይዘሮ ወለተ ኢየሱስን አልጠሩም።

ከዚያ በኋላ ባሉት ሁለት ሳምንታት ስርጉት ሞጣ ውስጥ ደስታ ፍለጋ ወጣች። ፈልጋው አይደለም፤ ውሸትም ስንቅ ይፈልጋል። እየተበሳጨች ዓይኗን ከፈተች። የትምህርት ቤቱ ዘበኛ ጋሽ አምባቸው ዓርብ ዓርብ ደወሉን ሁለት ደቂቃ አስቀድመው እንደሚመቱ አስተዋለች፤ መምህራኑ መኪና እንዳያመልጣቸው ነው። ፊት ለፊቷ የምትኖረው ንግስት ዝናብ ሲመጣ የእሷንም ልብስ ከገመድ ላይ አውርዳ አጣጥፋ ታስቀምጥላታለች፤ ለካ ዓመት ሙሉ እንዲህ ስታደርግ ኖራለች። ረቡዕ ዕለት ደግሞ መናኸሪያው በር ላይ ግራ ጫማዋን ጭቃው ያዘባት። እግሯ ሲወጣ ጫማው ቀረ። በአንድ እግሯ ቆማ ስትወዛወዝ ዶሮ የታቀፉ የማታውቃቸው ሴትዮ ክንዷን ያዟት፤ ጫማው ሲጎተት ሶሉ ተገነጠለ፤ ዶሮዋ አምልጣ የአንድ ሊስትሮ ሳጥን ላይ ወጣች፤ ሴትዮዋና ስርጉት ተያይዘው እንባቸው እስኪወርድ ሳቁ። ስርጉት እንዲያ ከሳቀች ስንት ጊዜ እንደሆናት አታስታውስም።

ቅዳሜ ዕለት ይህን ሁሉ በማርያማዊት ስም አወራች። ዘበኛው የዩኒቨርሲቲው ዘበኛ ሆነ፤ ንግስት የሀንጋሪ ጎረቤት ሆነች። ወሬው እየጣማት ሄዶ የጭቃውንም ጨመረችው፤ ዶሮዋን ብቻ ቦርሳ አደረገቻት። ወይዘሮ ይርጋነሽ መጀመሪያ ፈገግ አሉ፤ ከዚያ ሳቁ፤ ከዚያ ሳቁ ወደ እንባ ዞረና እንባው አልቆም አለ።

"ያን ግራ ጫማሽን እስቲ አውልቂው" አሏት።

ስርጉት ጎንበስ ብላ አውልቃ አየችው። ሊስትሮው በነጭ ክር ዙሪያውን ሰፍቶታል፤ በስፌቱ መሐል ጭቃው ደርቋል።

"እዚያ አገር ጭቃ የለም፤ አንቺው ነሽ ያሰማሽኝ" አሉ ወይዘሮ ይርጋነሽ። "ያረረ ዳቦም አንቺ ነሽ የምትወጂው፤ እሷ ከልጅነቷ ጀምሮ ነጩን ነው የምትመርጥ። ድምፁ ተበላሸ ካልሽኝ ቀን ጀምሮ ጎህ ሲቀድ ተነስቼ፣ ለብሼ እጠብቃለሁ። ዛሬ ሽማግሌዎቹ መርዶ ይዘው ይመጣሉ፣ ነገ ይመጣሉ እያልሁ። አልጠየቅሁሽም፤ ብጠይቅሽ ትነግሪኛለሽ ብዬ ፈራሁ። አሁን ንገሪኝ፤ ልጄ ሞታለች?"

ስርጉት ከመቀመጫዋ ወረደች። እናቷ እግር ሥር ቁጭ ብላ፣ አልሞተችም፣ ማርያምን አልሞተችም፣ ዝም ያሰኘኋት እኔ ነኝ አለች። የጻፈችውን መልእክት ከስልኩ አውጥታ አንድም ቃል ሳታስቀር አነበበችላቸው፤ ሰማያዊው ምልክት ምን ማለት እንደሆነም አስረዳቻቸው። ወይዘሮ ይርጋነሽ ሦስት ጊዜ አማተቡ። ያ ማማተብ ከቁጣ ይልቅ ስርጉትን አነደዳትና ስድስት ዓመት የያዘችው ነገር ገንፍሎ ወጣ።

"አንድ ቀን ሞጣ እንዴት ነው ብለሽኝ ታውቂያለሽ? ርሼ ስመጣ ስልኩ ረጠበ ወይ ነው የምትዪኝ። የእሷን ዳክዬ አራት ጊዜ ትሰሚያለሽ፤ እኔ ምን እንደምበላ እንኳ አታውቂም። በእሷ ስም ሳወራው ነው የሰማሽኝ።"

"አንቺን አይሻለሁ" አሉ እናቷ። "በዓይኔ የማየውን ሰው ምን ብዬ ልጠይቀው?"

"ማየትና መጠየቅ አንድ አይደለም፣ እማዬ።"

ወይዘሮ ይርጋነሽ የተሰፋውን ጫማ አንስተው ጭቃውን በጥፍራቸው ፈገፈጉት፤ ሶሉን ጫን ጫን አድርገው ሞከሩት። ቆይተው ወደ ስልኩ አመለከቱና ይህ ነገር ከዚህም ድምፅ ይልካል ወይ ብለው ጠየቁ። ይልካል አለች። ሁለት ዓመት ሙሉ ይልክ ነበር? አዎ፣ ይልክ ነበር። ያን ጊዜ ያዩዋትን አስተያየት ስርጉት እስካሁን አልረሳችውም።

"ክፈችው" አሉ። "የጭቃውን በገዛ ስምሽ ንገሪያት። ዶሮም ካለች እንዳታስቀሪ።"

ስርጉት በራሷ ስም ተናገረች። ይቅርታዋንም እዚያው መሐል ላይ፣ ጫማው ከመገንጠሉ በፊት፣ አስገባችው። ዶሮዋ ሳጥኑ ላይ ስትወጣ እናቷ እንደገና ሳቁ፤ ሳቁም አብሮ ተቀዳ።

ሰኞ ሆቴሉ ዋይፋይ አልነበረውም። ማክሰኞ መብራት ጠፋ። ረቡዕ አስተናጋጁ የይለፍ ቃሉን ረሳሁት አላትና ልታንቀው ምንም አልቀራትም፤ በሦስተኛው ሻይ ድምፁ ሄደ። ሐሙስ መልስ መጣ።

"ስርጉትዬ" ይላል የማርያማዊት ድምፅ፤ ጎርንኗል። "ምን ላይ ደረስሽ ስትዪኝ የምመልሰው አጣሁ። ሁለት ትምህርት ወድቄ አንድ ዓመት ተጨምሮብኛል። ሎሚውን እኮ የምፈልገው ላንቺ ነበር። ያን ሁሉ መንገድ ባዶ ስልክ ይዘሽ እንዳትሄጂ ብዬ። ምንም ደስ የሚል ነገር የሌለው ሳምንት አለ፤ ብዙ ነው። ዓርብ ሲደርስ ጫማዬን አድርጌ ልፈልግ እወጣለሁ፤ ሲፈልጉት አይጠፋም። እሱን ባልፈልግ ኖሮ ይህን ጊዜ ትምህርቱን ትቼ መጥቼ ነበር። አንቺ ዝም በይ ስትዪኝ ፍለጋውንም ተውኩት፤ አራት ሳምንት ከክፍሌ አልወጣሁም። ዛሬ የእማዬን ሳቅ ሰማሁ። ነገ እወጣለሁ።"

ስርጉት ሻዩን ሳትጠጣ ተነስታ ወጣች። መንገድ ላይ ለእናቷ ደውላ ደኅና ናት፣ ድምፅዋ መጥቷል፣ ቅዳሜ ይዤልሽ እመጣለሁ አለች።

ቅዳሜ መንገዱ ተዘጋ። ስርጉት ከአሥራ ሁለት ሰዓት ጀምራ መናኸሪያው ውስጥ ቆመች። ዛሬ ይከፈታል የሚል አለ፤ እስከ ማክሰኞ አይከፈትም የሚል አለ፤ የሚያውቅ ግን የለም። ሲያካፋ ዋለ። ያ የተሰፋ ጫማዋ ውኃ ማስገባት ጀመረ። ስድስት ሰዓት ሲሆን ተስፋ ቆርጣ ደወለች፤ መከፋቷም መናደዷም በድምፅዋ ይሰማል። መኪና የለም፣ ድምፅዋን ዛሬ አላደርስልሽም፣ ምን ላድርግ አለች። እናቷ እንደሚያዝኑ፣ እንደ ልማዳቸውም ስልኩን በደንብ እንድትይዝ አደራ እንደሚሏት ጠበቀች።

ወይዘሮ ይርጋነሽ ግን፣ አዲስ ቃል እንደሚለምድ ሰው፣ ቀስ ብለው "ሞጣስ እንዴት ነው?" አሉ።

ይህን ጥያቄ ስድስት ዓመት ጠብቃው ነበር። ዙሪያዋን አየች። ቆመው የቀሩት ሚኒባሶች፣ ኬሻ የተከናነቡ መንገደኞች፣ ሳጥኑን ታቅፎ የተጠለለው ሊስትሮ፣ እግሯ ሥር ያለው ጭቃ።

"ጭቃ ነው፣ እማዬ" አለች።

"እሺ" አሉ እናቷ። "ከጭቃው ጀምሪልኝ።"